በአለቃው ግራ

"ታገሰኝ... አሁን አይሆንልኝም።"

የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ። ስድስት ዓመቴ ቢሆን ነው። ታናሽ ወንድሜ ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር፤ ከጎኔ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ የተባለውን ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን እንቅልፍ ወሰደብኝ። ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም።

የሚመልስለት ድምፅ አልነበረም።

ብቻ አባቴ ዝም ይላል... ያዳምጣል... ከዚያ እንደገና ይለምናል።

የምነግራችሁን ነገር ተረት ነው የሚል ካለ አልጣላውም። እኔ ግን እግዚአብሔር እየሰማኝ ነው የምጽፈው። የሆነ ነገር ነው። የጀመረውም በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ፖርት ሃርኮርት ከተማ፣ ሰው በሚወጣ በሚገባበት ሙዚየም ውስጥ ነው።

ያ ሕፃን ወንድሜ፣ ሶካሪ፣ ዕድሜውን በነዳጅ ጀልባዎች ላይ ጨርሶ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ጉልበቱ አልቋል፤ አፉ ግን ደህና ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። አንድ ልጅ አለችው፤ ቦማ። ሌጎስ ናት፤ የመጀመሪያዋን አርግዛለች።

"የቤታችንን ግንባር ፎቶ አንስቼ ልላክላት" አለኝ። "የሚወለደው ልጅ የማን ዘር እንደሆነ ይወቅ።"

እኛ የደሴት ሰዎች፣ ካላባሪዎች፣ የቤት፣ ማለትም የአንድ ዘር፣ አለቃ ሲሞት በእንጨት እናስቀርጸዋለን። አለቃው መሐል ይቀመጣል፤ ሰዎቹ በቀኝና በግራው። የሟች ግንባር እንለዋለን። የኛ ቤት ግንባር ከደሴቷ ወደ ሙዚየሙ ከተወሰደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አባታችን እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን ሊያየው አልሄደም።

አንድ ነገር ግን አስተምሮናል። ከግንባሩ ፊት አይቀመጥም። ቆመህ ሰላም ትላለህ፣ ቆመህ ትወጣለህ።

የተቀመጠ ሰው፣ ሊቀር መጣ ማለት ነው።

ያን ቀን በድብቅ ነዳጅ ከሚያጣሩበት የሚነሳው ጥቀርሻ እንደ ልማዱ ከሰማይ ይወርዳል። ሙዚየሙ ስንደርስ መብራት የለም፤ ውጭ ጀነሬተር ያጓራል። ዳባ የሚባል ወጣት አስጎብኚ ተቀበለን።

"ጋሼ፣ የኋላው ክፍል ትንሽ ይጨልማል" አለ። "ግን ችግር የለም። የናንተ አለቃ ያለ መብራትም ያያል።"

"የሚያይ ከሆነ እኔ ከሱ እንደማምር ንገረው" አለ ሶካሪ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

አለቃው መሐል ተቀምጧል። ዓይኖቹ በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። በቀኙ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ።

በግራው... ማንም የለም። ሁለት የችንካር ቀዳዳዎች ብቻ።

"ይሄኛው የት ሄደ?" አለ ሶካሪ።

"አልጠፋም። ሲመጣም እንዲሁ ነበር" አለ ዳባ። "አለቃው ሲሞት የግራ ሰውየው በሕይወት ነበር ይባላል። ጠራቢው ቦታውን ትቶለት ነው።"

ሶካሪ አየኝ። አየሁት።

በአለቃው ግራ ይቀመጥ የነበረው አባታችን ነው። በጀልባም፣ በገበታም፣ በሸንጎም። ይህን ደሴቷ ላይ የማያውቅ የለም።

የወንዝ ጭቃ ሸተተኝ። ውሃው ሲሸሽ የሚሸተው ጭቃ። እዚያ ሰፈር ወንዝ የለም።

"ዳባ፣ ልጄ፣ ወንበር ፈልግልኝ። ጉልበቴ ከዳኝ" አለ ሶካሪ።

"ሶካሪ፣ እዚህ አይቀመጥም" አልኩት በሹክሹክታ።

"እትዬ፣ እንጨት እኮ ነው።"

"አባባ ያለንን ረሳኸው?"

"አባባ ጉልበት ነበረው።"

ዳባ ወንበር ሊያመጣ ወጣ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን አየሁ። የግንባሩ እንጨት ከርጅና ብዛት አመድ መስሏል። የቀዳዳዎቹ ውስጥ ግን ነጭ ነው። እርጥብ ነው። ገና አሁን የተበሳ ይመስላል።

ቀና ስል... ሶካሪ ተቀምጧል።

በአለቃው ግራ። ዝቅ ያለ የእንጨት በርጩማ ላይ። ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ።

ዳባ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም።

"እማማ..." አለኝ ቀስ ብሎ። "ያ በርጩማ ከየት መጣ?"

"የናንተ አይደለም?"

"እዚህ ክፍል መቀመጫ የለንም።"

"ሶካሪ፣ ተነሳ።"

"ቆይ።"

"ተነሳ አልኩህ።"

"እትዬ፣ እያወራ እንዴት ላቋርጠው?"

ማንም አያወራም ነበር።

ሁለት ሆነን ጎትተን አወጣነው። ፎቶውን ረሳው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ቀልድ ተወ። ሳሎን ትልቅ ሶፋ አለችኝ፤ ሁልጊዜ የሱ ነበረች። አሁን አልቀመጥባት አለ። ከማድ ቤት በርጩማዬን አምጥቶ ከሶፋዋ በስተግራ ተቀመጠ።

አሳና ያም የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅዬ አቀረብኩለት። ሳህኑን ባዶው ሶፋ ፊት ገፋው። ጠበቀ።

"ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

"ሳይጀምር?" አለኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ... ግን መልሱን ፈራሁ።

በመስኮት የሚገባው ጥቀርሻ በየማለዳው ዕቃውን ሁሉ ያጠቁራል። ጠረጴዛውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳይቀር። ሶፋዋ ላይ ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ቦታ ንጹሕ ሆኖ ያድራል።

መዝሙረ ዳዊት ከፍቼ አነበብኩ። ሶካሪ ድሮ ያሾፍብኝ ነበር። አሁን አጠገቤ ተንበርክኮ አሜን አለ።

"ጸልዪ፣ እትዬ" አለኝ። "ለኔ ግን አይደለም። ለቦማ።"

"ቦማ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም... ገና።"

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ቁልፉን ላወጣ ስል ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

"ታገሰኝ..."

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

የወንድሜ ድምፅ ነው። ግን ያው ቃል፣ ያው ልመና፣ ከግድግዳ ማዶ። በልጅነቴ እንቅልፍ የወሰደብኝ ግማሹ ያን ጊዜ መጣልኝ። አባቴ ያን ሌሊት ያለው ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ።

"እኔን ተወኝ። ልጁ ሲያድግ እሱን ውሰድ።"

አባቴ በራሱ ቦታ ወንድሜን ለሞተው አለቃ ሰጥቶት ነበር።

ከበሩ ሥር ውሃ ወጣ። ጥቁር፣ ጭቃ ጭቃ የሚል ውሃ። ጫማዬን ነካው። ጌታ ሆይ አልኩ።

ውስጥ ሶካሪ ያዳምጣል።

"ቦማን?" አለ።

ዝምታ።

"እሺ ሆዷ ውስጥ ያለውስ ምን አደረገህ?"

ዝምታ።

"አዎ፣ አባባ እንደዚያ ብሎሃል። ፈርቶ ነው። አልፈርድበትም። እኔ ግን የምሰጥህ ልጅ የለኝም።"

ቁልፉን እንዴት እንዳዞርኩት አላውቅም። በሩን ከፈትኩ።

ወንድሜ በርጩማው ላይ ነበር፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ። ከጎኑ ያለችው ሶፋ ባዶ ናት።

ስፖንጇ ግን ጎድጉዷል። ከባድ ሰው እንደተቀመጠባት።

"ሶካሪ" አልኩ።

ዞሮ አላየኝም። አንድ እጁን ብቻ ከጉልበቱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ። ሽማግሌ ሲናገር ልጅን ዝም እንደምናሰኘው።

አዳመጠ... አንገቱን ነቀነቀ።

"እሺ" አለ። "በግራህ እኔው እቀመጣለሁ።"

የሶፋዋ ስፖንጅ... ቀስ እያለ... ወደ ላይ ተነሳ።