የድሃ ደብተር

«በናትሽ ዲየም፣ ሁለት ቀን ብቻ» አለች ክዌን፣ ሞተር ሳይክሉን መሪውን ይዛ እየገፋች። ጎማው ጭቃው ላይ ቀጭን መስመር እየተወ ይከተላታል። «ጋሼ ቱ ለቆጠራ ነገ እኛ ጋ ነው የሚመጡት። እናንተ ጋ ገና በሌላ ሳምንት ነው። ማንም አያየውም።»

ዲየም ከቤቱ ጀርባ፣ ከቦዩ ዳር ያለችውን ጎጆ ከፈተችላት። አባቷ ኮኮናት ሲያወርድ ወገቡን የሚያስርበት ገመድና ቆንጨራው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ከአራት ወር ወዲህ የነካቸው የለም። ሞተሩን ከስራቸው አቁመው በሸራ ሸፈኑት።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ራሱ ነው የላከኝ። ያንቺ እናት ግን እንዳትሰማ።» ክዌን ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። «አጎቴ ከከተማ ከላከልን ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፣ መንደሩም በደንብ አላየውም። ከተቆጠረብን ግን ነጥባችን ያልፍና ደብተሩን ይነጥቁናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ።»

ዲየም ታውቀዋለች። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የመንደሩ አለቃ ጋሼ ቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሞተሩን በነጥብ ይመዘግባሉ። ነጥቡ ከመስመሩ በታች የሆነ ቤተሰብ የድሃ ደብተር ይሰጠዋል፤ ከደብተሩ ጋር መንግሥት የከፈለበት የጤና መድኅን ካርድ ይመጣል። የክዌን እናት ኩላሊት መሥራት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ትሄዳለች፤ በዚያ ካርድ ምንም አትከፍልም። ካርዱ ከሌለ ግን ከእያንዳንዱ እጥበት የተወሰነው በእነሱ ላይ ይወድቃል፤ ያውም ዕድሜ ልክ።

ይሁን እንጂ የጎጆዋን በር ስትዘጋ ዲየም ያሰበችው የክዌንን እናት አልነበረም። ያሰበችው ብስክሌቱን ነው። አምና ካሜራ የያዙ ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው ደብተር ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ብስክሌት ሰጥተው ነበር። ክዌን መድረክ ላይ ወጥታ፣ መሪው ላይ ቀይ ሪባን ከታሰረበት ብስክሌት አጠገብ ቆመች። መምህሯም «ችግር ያልበገራት!» አሉ። ክዌን ከክፍል ዘጠነኛ ነበረች፤ አንደኛዋ ዲየም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች።

ሰው በድሃ ይቀናል? ብላ ራሷን ጠይቃ ታውቃለች። ይቀናል። ቅናቱም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል፤ አይዋጥ፣ አይተፋ።

በማግስቱ ጋሼ ቱ ክዌን እንዳለችው ወደ ክዌን ቤት ሄዱ። ዝናቡ ሲመጣ ግን ሁለተኛ ጭቃ ላለመርገጥ ብለው የጎረቤቶቹንም አብረው ሊጨርሱ ተነሡ። ዲየም ጃንጥላቸውን ስታይ ደነገጠች። እናቷ ኮኮናት ልትልጥ ሄዳለች። አባቷ መረብ አልጋው ላይ ነው፤ ከሱቅ የተገዛው የሕመም ክኒን አስተኝቶታል። ከዛፍ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ብሎ ነበር፤ ዲየምና ወንድሟ በትምህርት ቤት በኩል ካርድ ሲኖራቸው አባትና እናት ግን የላቸውም። እናቷ ሰሞኑን ሩዝ በለቀመች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፦ «ዘንድሮ ደብተሩ ከደረሰን አባትሽ ይታከማል።»

ጋሼ ቱ እየጻፉ ቤቱን ዞሩ። ወለሉ አፈር። ቴሌቪዥኑ አሮጌ። በኋላ በር ወጡና ጎጆዋ ውስጥ ገቡ፤ የሸራውን ጫፍ በእስክሪብቷቸው አነሡት።

«ኧረ! ሞተርም አላችሁ እንዴ? የማን ነው?»

ዲየም ጎማውን አየች፣ ገመዱን አየች።

«የእኛ ነው» አለች።

ቃል ስለገባች ነው ያለችው። ግን ለማንም የማትናገረው ሌላም ነገር ነበረ። «የእኛ» የሚለው ቃል ለአንዲት ቅጽበት አፏ ውስጥ ጣፍጧት ነበር።

ሞተሩ በማግስቱ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ዲየም ለእናቷ ምንም አልተነፈሰችም። አንድ ሞተር ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም ብላ ራሷን ለማሳመን ሞከረች፤ አላሳመነችም።

እሑድ ጠዋት የመንደሩ አዳራሽ ሞላ። ከየቤቱ አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ለዚህ ስብሰባ ግን ሰው ልጆቹንም ይዞ ይመጣል። ጋሼ ቱ መነጽራቸውን አድርገው የድሆቹን ስም እየጠሩ «የሚደግፍ?» ይላሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ይቆጠራል። የክዌን ቤተሰብ ሲጠራ እጆች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጡ። የክዌን እናት ክንዷ ላይ ፋሻ እንደተጠቀለለ አንገቷን ደፍታ ለሁሉም እጅ ነሣች። ክዌን ወደ ዲየም አልዞረችም። ዲየምም እጇን አወጣች፤ ያ እጅ የሌላ ሰው መሰላት።

ዝርዝሩ አለቀ። ጋሼ ቱ ወረቀቱን አጣጠፉ።

የዲየም እናት ከላስቲክ ወንበሯ ተነሣች። «ጋሼ ቱ፣ የእኛን ዘለሉት መሰለኝ።»

«አልዘለልኩም፣ የዲየም እናት። ነጥባችሁ አለፈ።»

«በምን? በዚያ በሚንሾካሾክ ቴሌቪዥን?»

ሰዉ ሳቀ።

«በሞተሩ ነዋ» አሉ ጋሼ ቱ።

«ሞተር? የቱ ሞተር? ባሌ ሽንት ቤት እንኳ ተደግፎ ነው የሚሄደው፣ እርስዎ ሞተር ያስነዱታል!»

እማማ ናም የተባሉት አሮጊት ከኋላ «በሕልሙ ይሆናላ!» ብለው ሳቁን መለሱት። ጋሼ ቱ ግን አልሳቁም።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእኛ ነው ያለችኝም ልጅሽ ናት። ስሚ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። አንድ ቀን ድሃ ሀብታም ሳይባል ካርዱ ለሁሉም ይደርሳል፤ ያን ቀን እኔም ሰው ቤት ገብቼ ሸራ ከመግለጥ እገላገላለሁ።»

«እስከዚያው የሰውዬው ዳሌ ይጠብቅ?» አለች እናቷ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ዲየም ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ምንድን ነው የሚሉት፣ ልጄ?»

ዲየም ተነሣች። የክዌን ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚያ በኋላ መድረክ የለ፣ ሪባን የለ። የክዌን አባት ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉን ያያል። ዲየም ልብ ስትል ወለሉን የሚያየው እሱ ብቻ አልነበረም። በቆጠራው ሰሞን ቴሌቪዥኑን እህቱ ቤት ያሳደረ፣ ላሙን ከቦዩ ማዶ ያሻገረ ብዙ ነው።

«ዋሽቼ ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ሞተሩ የእኛ አይደለም። ሰው አደራ ብሎኝ ነው። እማ አታውቅም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ዲየም መልሳ ተቀመጠች።

«ሞተር እንደ እንጉዳይ አይበቅልም፣ ልጄ። ከእናንተ ወረቀት ላይ ካነሣሁት የሌላ ሰው ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።» ጋሼ ቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት መጥቼ እንደገና አያለሁ። ያን ጊዜ መልስ እፈልጋለሁ።»

ስብሰባው ተበተነ። የዲየም እናት ጀልባዋን ልትፈታ ወደ ቦዩ ወረደች። ክዌን ዲየምን በሩ ላይ ደረሰችባት።

«ልትናገሪ ነው?»

«አልተናገርኩም።»

«ነገ ነዋ የምልሽ!» ክዌን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀንተሽብኝ ነው፣ አይደል? ሁሌም እንደቀናሽብኝ ነው።»

ዲየም ልትክድ አፏን ከፈተች፤ ውሸት ግን በቅቷታል። «አዎ» አለች። «ቀንቼብሻለሁ።»

«በምኔ? በእናቴ መርፌ?»

«በብስክሌትሽ። በደብተርሽ። መድረክ ላይ ስትወጪ። በመርፌውም ቀንቻለሁ። የኔን አባት የሚወጋው እንኳ የለም።»

ሞተሩ እነ ዲየም ጎጆ ውስጥ የተገኘ ዕለት ምን እንደነጠቃቸው ክዌንን አሁን ገና የገባት ትመስላለች።

«ጋሼ ቱ ያን ቀን እናንተ ጋም እንደሚመጡ አላወቅኩም» አለች። «እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ነገ ምን ትያቸዋለሽ?»

«የራሴን ውሸት ተናግሬያለሁ። ያንቺን አልናገርብሽም» አለች ዲየም። «ግን ከእንግዲህ አልዋሽልሽም። እስከ ሦስት ሰዓት አባትሽ ራሱ ይንገራቸው። ሞተሩ እናትሽን ይዞ ሐኪም ቤት ብቻ ነው የሚሄደው አይደል? እሱንም ይንገራቸው።»

«ወረቀታቸው ላይ እንደዚያ የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

«ጠርዙ ላይ ይጻፉታ።»

ክዌን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ከዚያ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «አባቴ ይገድለኛል። ብቻዬን አልነግረውም።»

ከታች፣ ቦዩ ዳር፣ የዲየም እናት መቅዘፊያውን ይዛ ትጠብቃለች። ዲየም ጀልባዋን አየች፣ ክዌንን አየች። ክዌን ያደረገችው ጃኬት አዲስ ነው፤ ለደብተር ቤተሰቦች ልጆች የታደለ። አሁንም ያስቀናል።

«እማ!» ብላ ተጣራች። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ከዚያ በክዌን ቤት በኩል ባለው መንገድ ከጎኗ መራመድ ጀመረች። እጇን ግን አልያዘችም።