አንድ ሰው የጎደለበት ጨዋታ

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ሰፈሩ ግን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ ጋሼ ቶሎቶሎ ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። «ቶሎ ቶሎ! ጠጋ ጠጋ በሉ! ሰዓት አለኝ!» ሲሉ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ ይሰማ ነበር። ቤትም ሲገቡ ያው ናቸው። ጫማቸውን ማሰሪያውን ሳይፈቱ መንጭቀው ያወልቃሉ፤ ምሳቸውን ሳያላምጡ ይውጣሉ፤ ሰው ሲያወራቸው የጀመረውን ነገር ቀድመው ይጨርሱለታል። ልብስ ሰፊ ሚስታቸው ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ!» ሲሏቸው ይስቃሉ እንጂ አይሰሙም።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቋ ሴት ናት፤ የፀጉር ሥራ ትማር ነበር። ታናሽየው ጢም አውጥቶም እናቱ ማሙሽ ማለታቸውን አልተዉም፤ የተበላሸ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ቤታቸው ጠባብ ቢሆንም ፍቅር አልጎደለበትም ነበር።

ማሙሽ ልጅ ሳለ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ፣ እናቱ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ገዝተውለት ነበር። ጠርዟ የተፈነከተ፣ ቁልፎቿ በሰው ጣት ያለቁ ግራጫ ነገር ናት። ያላት ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ የጦርነት ጨዋታ። ግን የሚተኮስበትና የሚሮጥበት ዓይነት አይደለም። ሜዳው እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። ሰማያዊዎቹ የራስህ ወገን ናቸው፤ ቀዮቹ ጠላት። ፈረሰኛውን፣ ቀስተኛውን፣ ጋሻ ያዡን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳለህ፤ ስትጨርስ ጠላት ተራውን ይወስዳል። አንተ እስክትወስን ድረስ ቀዩም ሰማያዊውም ቆሞ ይጠብቅሃል። የፈለግከውን ያህል አስብ፤ የሚያጣድፍህ የለም። አንድ ክፉ ሕግ ግን ነበረው፤ የሞተ አይመለስም። ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ አብሮህ የተጓዘ፣ ጠባዩን የለመድከው ሰው በአንተ አንዲት ስህተት ወድቆ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይጠፋል። ወንድምና እህት አንድ ትራስ ላይ ተደግፈው ስንት ከሰዓት በኋላ አሳለፉበት! አባታቸው ግን ከበላያቸው ቆመው «ይሄ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው? ተቀምጦ ማሰብ ብቻ! ጠላት ተራህን ይጠብቅልሃል እንዴ?» እያሉ ያልፉ ነበር።

ደስታ ግን ለማን ጸንቶለት ያውቃል? እናትየው አንድ ቀን ልብስ እየለኩ ሳሉ አጎነበሱና ደረታቸውን ይዘው ቀሩ። ያየ ማሙሽ ብቻ ነበር። ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ ሰንብተዋል። «ለማንም እንዳትናገር» አሉት፤ «እህትህ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ያኔ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አባትህ ከሰማ ቤቱን ያተራምሰዋል። ማልልኝ!» ልጁ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። በመጨረሻ ማለ። ምን ያድርግ? የእናት ልመና እንዴት ይገፋል?

እህትየው ትምህርቷን ስትጨርስ እናትየው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አይቶ መነጽሩን አወለቀ። «ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ...» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። የጀመሩት ቀሚስ አንድ እጅጌው ሳይገጠም የስፌት መኪናው ላይ እንደተንጠለጠለ ነፍሳቸው ወጣች።

ከቀብር በተመለሱበት ቀን ማሙሽ የሆዱን መያዝ አቃተው። «አባዬ፣ እኔ አውቅ ነበር። አስምላኝ ነው» አለ። ጋሼ ቶሎቶሎ አላሰቡም፤ አሰላስለውም አያውቁም። ሐዘናቸው መውጫ ሲፈልግ ያገኘው ምላሳቸውን ነበር። «እናትህን የገደልካት አንተ ነህ! ከዓይኔ ጥፋ!» አሉት። እህትየው በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወንድሟ ልብሱን በአንድ ቦርሳ ከተተና ወጣ። ሌላ ከተማ ሄዶ ሊፍት የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። አባት አልጠሩትም፤ ልጅም አልደወለም። ዓመታት አለፉ።

መከራ ብቻውን አይመጣም እንዲሉ፣ አንድ ጠዋት ጋሼ ቶሎቶሎ መነሻ ፌርማታው ላይ ሞተር አስነስተው ተሳፋሪ ሲጠብቁ መሪው ላይ ተደፉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ ጎናቸው ግን ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያ ከሞተር በላይ ይሰማ የነበረ ድምፅ «እ... እ...» ብቻ ሆኖ ቀረ! እህትየው የእናቷን የስፌት መኪና ወደ ጓዳ አስገብታ የፊት ክፍሉን የፀጉር ቤት አደረገችው፤ እየሠራች እንድታስታምማቸው። እጮኛዋ «አባትሽን አስታምሚ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ» ብሏት ነበር። ጠበቃት፤ ግን ሌላ አግብቶ ነው የጠበቃት።

ወንድሟ ጋ ደወለች። «ና፣ አባዬ ታሟል።»

«እሱ ይጥራኝ።»

«አፉ ተይዟል እያልኩህ! በምኑ ይጥራህ?»

«ሲያባርረኝ አፍ ነበረው» አለና ዘጋው። የገንዘብ እርዳታ ግን ሳያቋርጥ ይልክ ጀመር። ልብ ያኮረፈችውን ያህል አትጨክንምና።

ከሁሉ በላይ አባትየውን የገደላቸው የሰው ጥድፊያ ነበር። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ይመጣል፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ሲታገሉ «ውሃ ነው? ትራስ ነው? መስኮቱን ልዝጋው?» እያለ ይቀድማቸዋል። ቃሉ ከአፋቸው ሳይደርስ ይቀራል። በመጨረሻ መሞከሩንም ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በደህናው እጃቸው እንዲጨምቁት የጎማ ኳስ ሰጥታቸው ነበር፤ ወረወሩት። «ጣታቸውንም አእምሯቸውንም የሚያሠራ ነገር ፈልጊላቸው» ብላ ለልጅቱ ነገረቻት።

እህትየው ጓዳውን ስትበረብር ያቺን አሮጌ መጫወቻ አገኘች። ባትሪ ቀይራ ትራስ ላይ አስተኝታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። «አባዬ፣ ይሄ ነው ሰውህ። ወዴት ይሂድ?» የግራ ጠቋሚ ጣታቸው ተንቀጠቀጠች፤ ቁልፉን ሳተች፤ ደግማ ሞከረች። ፈረሰኛው አንድ ካሬ ተራመደ። ጋሼ ቶሎቶሎ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ያ የሞተ ፊታቸው ላይ ብርሃን የመሰለ ነገር ታየ። ተራቸው መሆኑን የሚያውቅ፣ እስኪወስኑ የሚታገሣቸው፣ በእሳቸው ፈንታ የማይጨርስ አንድ ነገር በዓለም ላይ ተገኘ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞች ፀጉራቸውን ሲሠሩ ጋሼ ቶሎቶሎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይዋጋሉ። በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን ማንበብ ባይችሉም ሰዎቹን በልብሳቸው ለይተዋቸዋል። በተለይ ነጭ የለበሰችውን ፈዋሽ። ሰይፍ አትይዝም፤ የቆሰለውን ትፈውሳለች። እሷን ሁልጊዜ ከኋላ ያቆሟታል፤ ጋሻ ያዡን ከፊቷ።

አንድ ነገር ግን ልጅቱን አስገረማት። ከሰዎቻቸው አንድ በወደቀ ቁጥር አጥፍተው ውጊያውን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የአንድ ሳምንት ድካም ቢሆንም ግድ የላቸውም። «አባዬ» አለቻቸው አንድ ቀን፤ «ልታሸንፍ ነበር እኮ! አንድ ሰው ቢጎድል ምን አለበት? ቀጥል እንጂ!»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከንፈራቸው ታገለ። በዚህ ጊዜ ልጅቱ አልቀደመቻቸውም፤ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማ ጠበቀች። ቆይቶ፣ ከሩቅ እንደመጣ፣ ቃሉ ወጣ።

«አን...ድ... ጎድ...ሏል።»

ከታመሙ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር! የጎደለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ደወለች። ወንድሟ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ምን እየተጫወተ ነው አልሽኝ?»

«ጌምህን።»

«አባዬ? ያቺን የሰነፍ ጨዋታ የሚላትን?» ሊስቅ ሞከረ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «የት ደርሷል?»

«ድልድዩ ጋ።»

«ድልድዩ ጋ ፈረሰኛውን ወደፊት እንዳይሰደው በይው። ማዶ ጫካው ውስጥ ቀስተኞች አሉ። መጀመሪያ ጋሻ ያዡን ያሻግር።»

ነገረቻቸው። አባትየው ምክሩ የማን እንደሆነ ገባቸው፤ እንባቸው ስክሪኑ ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌያቸው ጠረጉትና ጋሻ ያዡን አሻገሩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስልክ ይደወላል። አባትና ልጅ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ እህት መሐል ቆማ «በስተግራ ዙር በለው ይላል»፣ «እምቢ አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው»፣ «ግትር በይው!» እያለች ታመላልሳለች። በኋላ ትልቁ ግንብ ጋ ደረሱና ተሸነፉ፤ ደግመው ተሸነፉ። «እታለም» አለ ማሙሽ በስልክ፤ «ግንቡ በስልክ አይነገርም። ልምጣ መሰለኝ።»

መጣ። በሩ ላይ ሲቆም አባቱን አላወቃቸውም፤ ያ ግዙፍ ሰው ወንበሩ ውስጥ ጠፍቷል። የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው፤ ቂሙን ቃል በቃል አጥንቶት ነበር የመጣው። አባቱ በግራ እጃቸው ከጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ ሲያደርጉለት ግን ሁሉም ጠፋበት። ተቀመጠ። መጫወቻዋን ሰጡት። እሱ አንድ ያንቀሳቅሳል፣ እሳቸው አንድ። የእናትየው ስም አልተነሳም።

ግንቡ በር ላይ ደርሰው የቀረው የጠላት አለቃ ብቻ ሆነ። ማሙሽ ቸኮለ፤ በአንድ ምት ሊጨርሰው ጋሻ ያዡን ከፈዋሿ ፊት አንስቶ ወደፊት ሰደደው። ቀዩ ቀስተኛ ተራውን ወሰደ። ነጭ የለበሰችው ሴት ተመታች፤ ሁለት ቃል ተናገረች፤ ጠፋች። እህትየው የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ማሙሽ መጫወቻዋን ጭኑ ላይ አኖራት። ጨዋታ መሆኑን ያውቃል፤ ዓመታት ሙሉ የሸሸው ነገር ግን እፊቱ መጥቶ ቆመ። በእሱ እጅ... ዝም ብሎ እያየ...

አባትየው ተንጠራርተው ክንዱን ያዙት። ከንፈራቸው ይታገል ጀመር።

«እና...ት...ህ...» አሉ። «ያን...ተ...»

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጥ...ፋት...»

ያችን ቃል ዳግም ሊሰማት ነው! ተነስቶ ሊሮጥ ፈለገ፤ ያ ደካማ እጅ ግን አጥብቆ ይዞታል። ማንም አልቀደማቸውም። ሁሉም ጠበቃቸው። ላብ ግንባራቸው ላይ ወረደ፤ የቀረችውን ቃል ከጉሮሯቸው ለማውጣት ትከሻቸው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«...አይ...ደለም።»

ማሙሽ ከወንበሩ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። እህትየው ፀጉሩንም ደንበኛዋንም ትታ መጥታ ሁለቱን አቀፈቻቸው። ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ተቀምጣ አለቀሰች። አባትና ልጆች አብረው አለቀሱ፤ ሚስት ለሆኑት፣ እናት ለሆኑት፣ በወጉ ሳይለቀስላቸው ለቀሩት ሴት።

ማሙሽ አልተመለሰም። ሥራውን ወደዚህ ከተማ አዛወረ። ክረምቱን ሙሉ አባቱን አጠባቸው፣ ላጫቸው፣ አስደግፎ በር ድረስ አራመዳቸው። ግንቡንም ሰብረው ገቡ። መስከረም ሲጠባ ግን ያው በሽታ ተመለሰና ዳግመኛ መታቸው፤ በዚህኛው አልተነሱም። ሲሞቱ አንድ እጃቸው በሴት ልጃቸው፣ አንዱ በወንድ ልጃቸው እጅ ውስጥ ነበር። የመጨረሻ ቃል አልተናገሩም። የቀራቸው ቃልም አልነበረም።

እድል ምን ዓይነት ነገር ናት? ምላስ እያላቸው ልጃቸውን ነጠቀቻቸው፤ ልጃቸውን ስትመልስ ምላሳቸውን ወሰደች። ሁለቱን አንድ ላይ ብትሰጣቸው ምን ይጎድልባት ነበር? ይህን የሚመልስ ሰው የለም። በየቤቱ ግን ዛሬም አንድ አባት ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል፤ አንድ ልጅ በሌላ ከተማ ስልኩን ያያል። ሁለቱም ነገ ይሆናል ይላሉ። ነገ መምጣቱ አይቀርም፤ ማንን ይዞ እንደሚመጣ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።