ለአብዮት በዓል የተቀለበው በሬ

የበሬው ራስ ሲገኝ ሃምሳ አለቃ ቀናው ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር።

ስንጥሩን ጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ከገላን የሚመጣው የእግር መንገድ የአቃቂን ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ ሣሩ በደም ርሷል። ፈርስ አለ። ሰኮና አለ። ከቁጥቋጦው ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ራስ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ተጋድሟል። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው።

«ቦቃ ነው» አሉ አባባ አያና። የገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው። በሬውን ከበልግ ጀምሮ በእጃቸው የቀለቡት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ቦቃ ተራ በሬ አልነበረም። መስከረም ሁለት ቀን፣ በአብዮት በዓል፣ ከከተማ ለሚመጡ እንግዶች ሊታረድ የታሰበ የሰፊው ሕዝብ በሬ ነበር። በዚያ ዘመን የሰፊውን ሕዝብ ዶሮ የነካ እንኳ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ይባላል። በሬ የሰረቀማ ነገን ማየቱ ያጠራጥራል። ከዚያ ባነሰ ነገር የተረሸነ ሰው ሁሉም ያውቃል።

ቀናው አጎንብሶ የበሬውን ራስ አየ። ሌባ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። የአቃቂ ፖሊስ ጣቢያ እንደሱ ያለ መርማሪ ኖሮት አያውቅም፤ አረቄውን ጠጥቶ እንኳ ሌላው ሰው ሦስቴ አይቶ የማያገኘውን በአንድ እይታ ያገኛል።

ያኔም አገኘ። የበሬው አፍንጫ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሯል።

ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ክርስቲያን ሲያርድ ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ ነው። ሙስሊም ደግሞ ቢስሚላህ ብሎ፣ ወደ ቂብላ አዙሮ። አቃቂ ላይ ቆሞ ቂብላን የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ያደርጋል።

«አባባ፣ እስቲ ወደዚያ ዳር ዱካ ካለ ይዩልኝ።»

ሽማግሌው ዘወር ሲሉ ቀናው የበሬውን ራስ በቡትስ ጫማው ገፋ አደረገው። አልበቃ አለው። በሁለት ቀንዱ ይዞ አስተካከለው። ከዚያ እጁን በሣር ጠርጎ ጠራቸው።

«ይኸው፣ ወዴት ነው የዞረው?»

አባባ አያና አዩ። «ወደ ሰሜን።»

«እንግዲህ!»

«ልጄ፣ የተቆረጠ ራስ እኮ ይንከባለላል።»

«ራስ አይዋሽም አባባ። ሰው ነው የሚዋሸው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። የዚያን ዕለት ቁርሱን የበላው ጉበት የቦቃ ጉበት ነበር።

•

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደገብርኤል ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። በስብሰባ ሁሉ «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» የሚል፣ ጽዋ ማኅበር የሄዱ ባልቴቶችን ጠርቶ የሚገሥጽ ሰው ነው። ቀናውን ሲያይ በሩን ዘጋ።

«አገኙት?»

«የበሬውን ራስ አገኙ። ቅበሩት ብዬ ነበር እኮ ጓድ።»

«አሁን ምን ይሁን?»

«ጥፋተኛ ይገኝለታል።»

«ከእንቁጣጣሽ በፊት ይሁን። ለመቶ አለቃነትህ የድጋፍ ቃል እንግዶቹ ሲመጡ በአፌ እናገርልሃለሁ።»

መቶ አለቃነት የቀናው ቁስል ነው። እኩዮቹ ሁሉ አልፈውት ሄደዋል። በቀይ ሽብሩ ጊዜ በሌሊት ከጣቢያው ተወስደው ያልተመለሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ለወሰዷቸው ሰዎች በሩን የከፈተው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ አረቄ እንቅልፍ አይወስደውም። አረቄው ደግሞ ጨጓራውን ይበላዋል። ይህን ሁሉ ከቻልኩ ሹመቱ ይገባኛል ብሎ ያምን ነበር።

መጀመሪያ የማኅበሩን ዘበኛ ሮሪሳን አሰረ። ሮሪሳ እንቅልፍ እንደወሰደው አመነ። በማግስቱ ሚስቱ አንድ ወፍራም አውራ ዶሮ ይዛ ጣቢያ መጣች። ዶሮው ስለ ሮሪሳ ንጽሕና በሚገባ መሰከረ፤ ሮሪሳ ተለቀቀ።

ቀጥሎ መንሱር ተያዘ። የወሎ ሰው ነው፤ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አለው። ጥሬ ቆዳ ወደ ፋብሪካ ያመላልሳል። መኪናው ላይ ደም ተገኝቷል።

«ደሙ ከየት መጣ?»

«ቆዳ ነው የምጭነው ጌታዬ። ጥሬ ቆዳ ደም አያጣም።»

«በሬው በጠፋበት በሩፋኤል ዕለት ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ጋ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጎማ ተንፍሶብኝ ክሪክ አስገብቼ እየቀየርኩ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«እኔ እንጂ ሰው ያየሁት። ሦስት ሆነው በሬ ሲነዱ።»

የቀናው እስክሪብቶ ቆመ። «እነማን ናቸው?»

«ከሩቅ ነው፣ መልካቸውን አልለየሁም። አንዱ ግን ኮፍያ አድርጓል።» መንሱር በቅንነት ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮፍያ ጠቆመ። «ልክ እንደዚህ እንደ እርስዎ ያለ።»

ቀናው ተነስቶ በቡጢ መታው። የመንሱር የፊት ጥርስ ወለሉ ላይ ወደቀ። መንሱር ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጥርሱን ያይ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ውስጥ እግሩን ገረፉት። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው አስፈረሙት። ሚስቱ ላጢፋ ስኳር ይዛ መጥታ ነበር፤ ቀናው ስኳሩን ተቀበላትና «እናያለን» አላት። ያን ዕለት ከጣቢያው በር ላይ እስኪመሽ አልተነሳችም።

ቃሉን የጻፈው ቀናው ራሱ ነው። በሥራው የሚኮራ ሰው ስለሆነ ምንም ቀዳዳ አልተወበትም። ሰሜኑ አለ፣ ቂብላው አለ፣ ቢስሚላሁ አለ።

•

ሻምበል ፈየራ ከከተማ የመጣው ለቀበሌው ስብሰባ ነው። መንሱር በሕዝብ ፊት ይጋለጥና ሻምበሉ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ማንም አልጠየቀም። ሻምበሉ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ።

«ጥሩ ነው። ሥጋውስ?»

«የቱ ሥጋ?»

«የበሬው ነዋ። አንድ ሰው በሬ ሙሉ አይበላም። ሽማግሌው እንደነገሩኝ በሩፋኤል ዕለት ሊቀመንበሩ ቤትና አንተ ቤት ሥጋ ገብቷል፤ ጎረቤት ሁሉ የጥብሱን ሽታ ሰምቷል።»

ቀናው ዓይኑን አላርገበገበም። «እሱን ልጨምረው ስል ነው የመጡት። መንሱር ቅርጫ ነው ብሎ አታሎ ሸጦልን ነው።»

ወዲያው ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈው። የመጨረሻዋን ቀዳዳ ደፈነ። ደስ አለው። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷም ከሴቶች ማኅበር ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች።

መዓዛ የቀናው ሚስት ናት። ማን እንዳረደው ያላወቀችውን ሥጋ ድስቷ ውስጥ አታስገባም። በሩፋኤል ዕለት የኋላ እግር ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ አቁማ ጠይቃዋለች፤ እሱም የክርስቲያን ነው ሲል ማርያምን ብሎ ምሎላታል። አገር የሚፈራው ቀናው የሚፈራው እሷን ነው።

መፈክሩ ተባለ። ጭብጨባው ተጨበጨበ። መንሱር በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል እያነከሰ ገባ። ቀናው ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«... በሬውን ወደ ቂብላ አዙሬ፣ ቢስሚላህ ብዬ በገዛ እጄ አርጃለሁ።»

«ውሸት ነው!» ላጢፋ ከኋላ ተነሳች። «እሱ እኮ ቢላ ይፈራል! ለዶሮ እንኳ ጎረቤት ነው የምጠራው!»

ሰው ሳቀ። ወልደገብርኤል ጠረጴዛ መታ። ቀናው ቀጠለ።

«ሥጋውንም የክርስቲያን ቅርጫ ነው በማለት ላልጠረጠሩ ጓዶች ሸጫለሁ። ከነዚህም መካከል ጓድ ሊቀመንበሩና ሃምሳ አለቃ ቀናው ይገኙበታል።»

ጭብጨባ ጠብቆ ነበር። በምትኩ አንድ ወንበር ተንቋቋ።

«አንተ ሰው» አለች መዓዛ። «ምንድን ነው ያበላኸኝ?»

«መዓዛ፣ ተቀመጪ። ስብሰባ ላይ ነን።»

«የእስላም ሥጋ ነው ያበላኸኝ? ማርያምን ብለህ ምለህ?»

«እኛስ የእናንተን መች በላን!» አለች ላጢፋ። «ደግሞ ባሌ አላረደም አልኩ!»

«ቤት እነግርሻለሁ» አለ ቀናው።

«የትኛው ቤት? ለንስሐ አባቴ ምን ልበል? ልጆቼስ? እነሱም እኮ በልተዋል! ዛሬውኑ ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት እገባለሁ። ከእንግዲህ ካንተ ጋር አንድ ገበታ አልቀርብም። እዚህ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው!»

ነጠላዋን አጥብቃ ወደ በሩ ሄደች። ቀናው ወረቀቱን አየ። መንሱርን አየ። የሚስቱን ጀርባ አየ።

«የክርስቲያን ነው!» ብሎ ጮኸ። «መዓዛ ሙች፣ የክርስቲያን ነው!»

መዓዛ ቆመች። ሻምበል ፈየራ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምን አልክ?»

ቀናው ወረቀቱን አጣጠፈ።

«ወረቀቱ ቢስሚላህ ይላል። የክርስቲያን መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው የታረደው።»

«በምን አወቅህ ነው የምልህ?»

መዓዛ ከበሩ ላይ ታየዋለች። አገሩ ሁሉ ያየዋል።

«እግሩን ይዤ ነበር» አለ ቀናው።

ከአባባ አያና በኩል እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ተሰማ።

«ቢላውን የያዘውስ?» አለ ሻምበሉ።

መልስ አላስፈለገም። ጓድ ወልደገብርኤል ከሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ድንጋጤው ቀድሞት እጁ ግንባሩ ላይ ደርሷል፤ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ወደ ግራ ትከሻው ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ። አማተበ። በሕዝቡ ፊት፣ ከመፈክሩ ሥር፣ ሙሉውን አማተበ። ያደረገው የገባው እጁን ሲያወርድ ነው።

ባልቴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሳቁ ወደ ኋላ እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው።

•

ነገሩ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። የወልደገብርኤል ልጅ ኦጋዴን ዘምቶ፣ ሞቷል ከተባለ በኋላ በሕይወት ተመለሰ። አባት ለቅዱስ ሩፋኤል በሬ ተስሎ ኖሯል፤ መንሱር ያየው ሦስተኛው ሰውም ይኸው ልጅ ነው። ስለቱን ማስቀረት ፈራ፤ በግልጽ ማስገባትም ፈራ።

«የራሱን በሬ ቢያርድ ሰው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል» አለ ቀናው ለሻምበሉ። «የሕዝብ በሬ ሲጠፋ ግን የሚፈለገው ሌባ ነው። እኔ ነኝ የመከርኩት።»

«አንተስ ምን አገኘህ?»

«የኋላ እግር። ሹመትም ነበረበት።»

አባባ አያና ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «በተሰረቀ በሬ ስለት!» አሉ። «ሩፋኤልስ መቀበሉን እንጃ።»

ሻምበሉ ብዙ የወንጀለኛ ቃል ተቀብሏል፤ ይህን ግን መጠየቅ ነበረበት። «ዝም ብትል መንሱር ሄዶልህ ነበር። ምን አናገረህ? ጸጸት ነው?»

ቀናው አሰበ። እንደ ጸጸት ያለ ነገር በውስጡ ፈለገ፤ ከጨጓራው ሕመም በቀር የለየው አልነበረም። «ሻምበል፣ ሚስት አለዎት?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው አይጠይቁኝ።»

የጣቢያው እስር ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ቀናውን ለማስገባት መንሱርን ማስወጣት ግድ ሆነ፤ በሩ ላይ ተገናኙ። ላጢፋ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። መንሱር የቆሰለ እግሩን እያሳረፈ፣ የጎደለ ጥርሱን በምላሱ እየነካ ጥርሱን የሰበረውን ሰው አየው። ቀናው ይቅርታ ሊል ፈልጎ ቃሉ ጠፋው። ብዙ ጊዜ ተጠቅሞበት አያውቅም።

«አንተን አላመሰግንህም» አለ መንሱር። «ጀነት ብትገባ እንኳ አላመሰግንህም። ሚስትህን ግን አላህ ያቆይልህ።»

«አሜን» አለ ቀናው። ከልቡ ነው ያለው።