የጠመኔው መስመር

የመኪናው ኮፈኖ አልዘጋ አለ። አባቷ በሁለት መዳፉ ቢጫነው፣ በጉልበቱ ቢደግፈው፣ ከፍቶ እንደገና ቢያወርደው ወይ ፍንክች። በቀኝ በኩል ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ በግራ በኩል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሮ ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መምጣቷ ነበር። ቦርሳዋን እንዳዘለች ጋራዡ በር ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ጋሼ፣ የገጠመ አልመሰለኝም» አለ የመኪናው ባለቤት፣ ታክሲ ነጂው፣ ቀስ ብሎ።

«አያለሁ» አለ አባቷ። ግን አያይም ነበር። ክፍተቱን በጣቶቹ ነበር የሚዳብሰው።

ሥራው እንዲህ ነው፦ የአሮጌ መኪና ኮፈኖ በግጭት ተጨማዶ የራሱ ዓይነት ከገበያ ሲጠፋ፣ የሌላ ሞዴል ኮፈኖ ተገዝቶ እሱ ዘንድ ይመጣል። ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይቆርጣል፣ ጠርዙን መልሶ ያጥፋል። ሲጨርስ ኮፈኖው እዚያው መኪና ላይ የተወለደ ይመስላል። በሰፈሩ በዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም። እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም።

ዓይኑ መድከም ከጀመረ ግን ሰነባብቷል። ቤት ውስጥ ይህን ነገር የሚያነሳ ወዮለት። «የኔ ዓይን ካንቺም ዓይን ይሻላል፣ ቡሎኔ» ይላታል። ቡሎን ያላት ገና ስትድህ ጀምሮ ከመሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ ስለማትጠፋ ነው።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ቀን፣ ያሰመረውን መስመር ጠማማ ሆኖ አገኘችው። ውሃ ሊጠጣ ገባ ሲል በእጅጌዋ አጥፍታ አቃናችው። አልነቃም። ኮፈኖው ልክክ ብሎ ሲገጥም እያፏጨ ቤት ገባ፤ ያን ማታ ሁሉንም ሲያስቅ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከጠመኔው ላይ አልነቀለችም። መስመሩ በተጣመመ ቁጥር ተደብቃ ታቃናለች፣ እሱ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ ያፏጫል። ያቺን ፉጨት ስለምትወድ ዝም አለች።

ዛሬም ለምሳ ስትመጣ እሱ ጎረቤታቸው ብረት በያጁ ጋ ሄዶ ነበር። ታክሲው በግጭት ቀኝ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ኮፈኖው በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል መቆረጥ እንዳለበት ጠዋት አባቷና ነጂው ሲነጋገሩ ሰምታለች። መስመሩ ግን በግራ በኩል ነበር። «አይ አባዬ» አለች በሆዷ፤ «እዚህስ ደረስክ?» አጠፋችና በቀኝ በኩል አሰመረች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።

የገባት አሁን ነው፣ በሩ ላይ ቆማ። አባቷ ሌላ ጊዜ የሚያሰምረው በውጭው ፊት ላይ ነው። የዛሬው ኮፈኖ ግን ቀለሙ ከመኪናው ቀለም ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ፣ እንዳይጫርበት ብሎ ገልብጦ በውስጡ በኩል አስምሯል። ኮፈኖ ሲገለበጥ ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያለማንም እርዳታ፣ አባቷ ልክ ነበር። ያጠፋችው ያንን ልክ መስመር ነው።

«ምንም አይደል ጋሼ» አለ ነጂው። «ዓይን እንደሆነ ይደክማል። እኔ ሌላ ቦታ ላሳየው።»

ቢቆጣ፣ ቢሳደብ ይሻል ነበር። ለአንድ ቃል አሥር የሚመልሰው አባቷ አንገቱን ደፍቶ ኮፈኖውን ይፈታ ጀመር። ነጂው የተበላሸውን ኮፈኖ ጣሪያው ላይ አስሮ፣ ሞተሩን እንዳራቆተ ወጣ።

በያጁ ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ አለ።

«ና እስቲ» አለው አባቷ። «ይቺን መቁረጫ ማሽን ውሰዳት። ለኔ ከእንግዲህ ምን ታደርግልኛለች።»

«ኧረ ፋዘር፣ አንድ ኮፈኖ ተበላሸ ተብሎ? ተው እንጂ።»

«ስማኝማ። ደጋግሜ ለክቼ በግራ በኩል ነው ያሰመርኩት። ልቆርጥ ስል ግን መስመሩ በቀኝ ነው። ራሴን ተጠራጠርኩና መስመሩን አመንኩ።» በመዳፉ ግንባሩን ያዘ። «ዓይኔን እንኳ ችዬው ነበር። ጭንቅላቴ ይከዳኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

በያጁ ማሽኑን ሳይነካ፣ ልጅቷን በዓይኑ «አይዞሽ» ብሎ ሄደ። እሷ ግን አይዞሽ የሚባል ሰው አልነበረችም። አባቷ ለዛሬ ስህተት ሳይሆን ለጤነኛ አእምሮው ነበር እያዘነ ያለው፤ ያንን ደግሞ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

«አባዬ።»

«አቤት፣ ቡሎኔ።»

«ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። በግራ ነበር ያሰመርከው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። «አንቺ?»

«የተገለበጠ መሆኑን ረስቼ... የተሳሳትክ መስሎኝ።»

«ልክ ነበርኩ ማለት ነው?»

«ልክ ነበርክ።»

ፊቱ ፈካ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሳቅ እንኳ ቃጣው። «አንቺ ልጅ፣ ልታሳብጂኝ እኮ ነበር» አለ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ሳቁ ተቋረጠ።

«ይሳሳታል ብለሽ ለምን አሰብሽ?»

ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ቡሎኔ፣ ዛሬ ብቻ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትል ነገ ማሽኑን ያነሳል፣ እያፏጨ ይገባል፣ ቤቱ እንደ ድሮው ይሆናል። አፏን ከፈተች። አባቷ መልሷን እየጠበቀ ትክ ብሎ ያያል፤ ዓይኑ ያረፈው ግን እሷ ላይ ሳይሆን ከትከሻዋ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ጣት ከላሜራ አይለይም።

«አይደለም» አለች፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

አልጮኸባትም። ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ከፊቷ ቁጭ ብሎ ያረጀ መሰላት።

«የትኞቹን ነው?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «የነካሻቸውን ንገሪኝ።»

የሚኮራባቸውን ዘልላ ትንንሾቹን ብቻ ልትነግረው ትችል ነበር። ምሰሶውን እያየ ይጠብቃታል። ሄዳ አጠገቡ ያለው ጎማ ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ከዚያ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ካሳየው ኮፈኖ ጀመረች።