መብራት በሌለበት የተጻፈ ደብዳቤ

አዛውንቱ መሐንዲስ ከቢሮው የኋላ ደረጃ ግርጌ ሞተው የተገኙት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ሐኪሙ «ተገፍተዋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ባለው ጊዜ» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። መርማሪዋ ደረጃውን በዝግታ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሬሳ አይታ ለመደንገጥ እንኳ አቅም አንሷት ነበር።

ዘበኛው እንደሚለው ጠዋት ከሟች ሌላ በበሩ የገቡት ሁለት ናቸው፤ የቢሮው የሕንፃ ነዳፊ የሆነችው የሟች የእህት ልጅና ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ከሦስት እስከ አምስት ከተማው ዳር ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰውየው የምንገነባውን ትምህርት ቤት ንድፍ አጽድቀው ደብዳቤ ጽፈዋል። ኮምፒውተራቸውን ይዩት፤ አራት ሰዓት ከአምስት ይላል።»

ነዳፊዋ ዓይኗ አብጧል። «አጎቴ አያጸድቅም! አምዱ ቀጥኗል፣ ሕፃናት ላይ ይወድቃል እያለ ሳምንት ሙሉ ሲሟገት ነበር። ደግሞስ በምን ዓይኑ? መነጽሩ ትናንት ተሰብሮ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እሱን ለማምጣት ሱቁ ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ስመለስ ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ከጻፈው፣ አራት ሰዓት ላይ እዚህ የነበረችው እሷ ብቻ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አራት ሰዓት ላይ ምን ትሠሪ ነበር ልጄ?» አለች መርማሪዋ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ በእርሳስ እነድፍ ነበር።»

መርማሪዋ ከሟች ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። የስክሪኑ ሰዓት ከእጇ ሰዓት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ዘበኛውን ጠራችና መብራቱ መቼ ጠፍቶ መቼ እንደመጣ ጠየቀችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግታ ሶኬቱን ነቀለች፤ አሥር ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትከፍተው ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ጨምሮ ዘግይቷል።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬድለት እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ አለችው» አለች በደከመ ድምፅ። «የዚህኛው ባትሪ ደክማለች፤ ሰዓቱን ትይዛለች እንጂ ማስኬድ አትችልም። ኢንተርኔትም የለውም፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚያርምለት የለም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ቆመ፤ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተከፍቶ ከቆመበት ቀጠለ። መቼ ነበር ያልከኝ ወንድሜ?»

«ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ከሃያ፣ እትዬ» አለ ዘበኛው። «ሰፈሩ በሙሉ። ከዚያ ውጭ ያ ኮምፒውተር ሌሊትም አይዘጋም።»

«ስለዚህ አራት ከአምስት ላይ ይህ ኮምፒውተር ጭራሽ አልሠራም። የቆመበትን አንድ ሰዓት ከሃያ ስንጨምር፣ ደብዳቤው የተጻፈው አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። ያኔ እሷ መነጽር ቤት ነበረች፤ ለባለሱቁ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። እርስዎ ግን በአምስት ከአሥር ተመልሰዋል፤ ዘበኛው አይቶዎታል። ሰውየው አላጸድቅም ሲሉ ገፏቸው። ደብዳቤውን በስማቸው ሊጽፉ ሲቀመጡ ሰዓቱ መዘግየቱን አዩና ተደሰቱ፤ ስብሰባ ላይ የነበሩበትን ሰዓት ያሳያል። ለምን እንደዘገየ ግን አላወቁም፤ መብራት ሲጠፋ እዚህ አልነበሩማ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ልገድላቸው አልነበረም... ክንዳቸውን ስይዝ ተመናጨቁ፤ ገፋኋቸው» አለ።

ፖሊሶች ይዘውት ከወጡ በኋላ ነዳፊዋ ስክሪኑ ላይ በደብዳቤው ግርጌ ያለውን የአጎቷን ስም ስታይ ቆየች።

«አይጠፋም ይሄ ደብዳቤ?»

«ማስረጃ ነው ልጄ፤ ይቆያል።»

ልጅቷ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ነጭ ወረቀት ስባ ለግንባታው ኃላፊ በእጇ መጻፍ ጀመረች፦ «ሥራው ዛሬውኑ ይቁም። አምዱ ቀጭን ነው።»