የአብራሪው ልጅ

ሥርጉት ከፍቅረ ማርያም ጋር የተዋወቀችው ጃኬቱን ይዛ ከገደል አፋፍ ስትጎትተው ነው።

አንኮበር ነው፤ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ። ጠዋት ስለነበር ቆላው እስከ አፋር ምድር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የፊዚክስ መምህሯ ሥርጉት ፀሐይ ልትሞቅ ወጥታለች። አንድ ረጅም ሰው ባይኖኩላር ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ አንገቱን እያዞረ፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ ሳያይ ወደ ገደሉ ይራመዳል።

«ኧረ ገደል! አንተ ሰውዬ... ገደል ነው!»

አልሰማትም። ሮጣ ጃኬቱን ጨምድዳ ጎተተችው። ተያይዘው ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«አየሻት?» አላት፤ ዓይኑ አሁንም ሰማይ ላይ ነው። «ተዋጊዋ አውሮፕላን፣ ሱኮይ ሃያ ሰባት እኮ ናት! ጀርባዋን አየሁት!»

«እኔ ያየሁት ሰው ሊሞት ሲል ነው!»

ያን ጊዜ ገና ዞር ብሎ ገደሉን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቆይቶ ግን ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ እሷንም አሳቃት።

«ይቅርታ... ሌላ ቦታ ከታች ሆነሽ ሆዷን ነው የምታዪው። እዚህ ግን አንቺ ከላይ ነሽ፣ እሷ ከታችሽ ታልፋለች። ለዚህች ብዬ ነው ከደብረ ብርሃን የመጣሁት።»

ፍቅረ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ይጠግናል። ትርፍ ጊዜው ግን በሙሉ የአውሮፕላን ነው። እንደ እሱ የተለከፉ ጓደኞች አሉት፤ ስለ አሮጌና አዲስ ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚጽፉበት የፌስቡክ ገጽ ከፍተዋል። እሑድ እሑድ አንድ ካፌ ተሰብስበው ስለ ክንፍና ስለ ሞተር ይጨቃጨቃሉ። ሥርጉትም ከዚያ ቀን ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ደብረ ብርሃን መውረድ አበዛች።

«ኤፍ ፋይቭን እያት» ይላታል ስልኩን እያሳያት። «ክንፏ ምላጭ ነው። ሚግ ሃያ ሦስት ደግሞ ስትፈጥን ክንፏን እንደ ጭልፊት ወደ ኋላ ትሰበስባለች። እሷን ያበረረ ሰው ባገኝ እግሩን ነበር የምስመው!»

ሥርጉት አቀርቅራ ሻይዋን ታማስላለች።

«ግን ለምን ይሄን ያህል ወደድካቸው?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ ትፈራቸዋለች። ልጅ ሆኜ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ እጄን ይዛ ከቤት ትሮጥ ነበር። የምትፈራው ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ጀመርኩ... ሳውቀው ወደድኩት።»

«ለምን ትፈራለች?»

«ጦርነት ያየች ናት» ብሎ ወሬውን ለወጠው።

ሥርጉትም የደበቀችው ነገር ነበራት። አባቷ ሻለቃ ወልደተንሣኤ በወጣትነታቸው የሚግ ሃያ ሦስት አብራሪ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ ትውልድ አገራቸው ጎረቤላ ተመልሰው ንብ ማነብ ያዙ። ስለ በረራ አንድም ቃል አይተነፍሱም። ጠያቂ ሲመጣባቸው «ያ አብራሪ ሞቷል በይው» ይሏታል።

ፍቅረ «ሽማግሌ ልላክ?» ባላት ቀን ግን መደበቁ ከበዳት።

«እሺ... ላክ» አለችው። «ግን አንድ ነገር እወቅ። አባቴ ሚግ ሃያ ሦስት ያበርር ነበር።»

ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። አጨበጨበ፣ ጭንቅላቱን ያዘ፣ እንደገና ተቀመጠ። ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «እሺ» ስትለው ከተደሰተው ይልቅ አሁን የተደሰተው በለጠባት። ሳቀችለት። ሐሳቡ ግን እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክቶ ቀረ።

ሻለቃው መጀመሪያ ፊት ነሱት። ፍቅረ ግን ስለ ንብ እየጠየቀ፣ ቀፎ እያገዘ ቆየ። አንድ ቀን እራሳቸው የበረራውን ወሬ ከፈቱለት።

«ስትነሳ ወንበሩ ጀርባህን ይመታሃል» አሉት እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው። «ከዚያ በኋላ ድምፁ ከኋላህ ይቀራል። ዝም ይላል... ዓለም ዝም ይላል።»

ሥርጉት አባቷ እንዲህ ዓይናቸው ሲያበራ አይታ አታውቅም። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ፍቅረም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከሻለቃው ጋር ጓሮ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

በአንዱ ቅዳሜ ሥርጉት ከገበያ ስትመለስ ፍቅረ የለም። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«ፍቅረስ?»

«ሄደ።»

«ሳይሰናበተኝ?»

ብርድ ልብሱን እስከ አናታቸው ሳቡት። ስልክ ደወለች፤ አያነሳም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አላነሳም። የፌስቡክ ገጹም ተዘጋ። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ወርዳ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠበቀችው። ከስቷል። ሲያያት ወደ ኋላው ሊመለስ ቃጣው።

«ምን አደረግሁህ?»

«ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ?»

«ሰርጉ... አልችልም ሥርጉት። ይቅር በይኝ።»

«ምክንያቱን ንገረኝ!»

ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይታለች፤ ያየችውን ግን ንዴቷ ሸፈነባት።

«ገባኝ» አለችው ድምፅዋ እየተሰበረ። «አንተ የፈለግከው አብራሪውን ነው። ልጅቷ ወደ እሱ መግቢያ በር ነበረች። ወሬህን ሰምተህ ጨረስክ፣ በሩን ዘጋኸው!»

ቀና ብሎ አያት።

«እንደዚያ ብለሽ ብታስቢ ይሻላል» አላት።

ሥርጉት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እያሰበች ኖረች። የላከውን የይቅርታ ደብዳቤ በሰው ፊት ቀድዳ ጣለችው። ሊያገባ ነው ሲሏት «ቢያገባስ!» ብላ ማታ ትራሷን አረጠበችው። ሻለቃው ያዩ ነበር። ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ከዚያ የሳንባ ሕመም ጣላቸው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ያዙ።

«ልጁ ጥፋት የለበትም» አሏት።

«የትኛው ልጅ አባዬ?»

«ፍቅረ።»

ትንፋሽ እያጠራቸው ተናገሩ።

«ከላይ ሆኖ ሰው አይታይም ልጄ። ቤቱ የክብሪት ቀፎ ነው የሚያህለው። ስለ አንዲት ከተማ ‹ጦር ሰፍሮባታል› አሉኝ፤ ቦምቡን ጣልኩ። የገበያ ቀን መሆኑን የሰማሁት ከወረድኩ በኋላ ነው። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሱ ነገርኩት... ወደድኩት መሰለኝ። የከተማዋን ስም ስጠራ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ‹እናቴ የዚያ አገር ሰው ናት፤ ታላቅ እኅቴ እዚያ ገበያ ላይ ቀረች› አለኝ።»

ሥርጉት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረ። ‹ለሥርጉት እንዳይነግሯት። አባቷን አልነጥቃትም› አለኝ።»

«አንተስ? ሁለት ዓመት ሳለቅስ እያየኸኝ... አንተስ አባዬ?»

«እንዳትጠይኝ ፈራሁ። ሰማይ ላይ ሞትን ያልፈራሁት ሰውዬ አንቺን ፈራሁ።»

ልትቆጣቸው ፈለገች፤ አቃታት። ልታቅፋቸውም ፈለገች፤ እሱም ከበዳት። እጃቸውን እንደያዘች ብቻ ቆየች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፉ። አንኮበር ሚካኤል ተቀበሩ።

ሐዘኑ ሳይወጣላት፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ፍቅረ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት እናቱ ወይዘሮ አበበች ናቸው። ከዚህ በፊት በፎቶ ብቻ ነበር የምታውቃቸው።

«ሥርጉት ነኝ እማማ...»

«አውቄሻለሁ፤ ግቢ። ከሚስቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ይመጣሉ።»

ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አንዱንም አላስቀረችም። ወይዘሮ አበበች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ሰሙ። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ማኅደረማርያም ነበር ስሟ» አሉ በመጨረሻ። «ጨው ግዢልኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ...»

«አንቺ ምን አድርገሽ? አብራሪውን ለብዙ ዘመን ስረግመው ኖሬያለሁ። መርገሙ ራሱ ደከመኝና ለፈጣሪ ሰጠሁት። ፍቅረ አንቺን ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር፤ ድንገት ዘጋ። ‹ምነው?› ስለው ‹አልተስማማንም› አለኝ። ለካ ለእኔ ብሎ ነው! አንቺን ከአባትሽ፣ እኔን ከሐዘኔ ሊሸሽግ!» ደረታቸውን መቱ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? ብትነግሩኝ አለቅስ ነበር። አልቅሼ... አልቅሼ እድራችሁ ነበር!»

ፍቅረ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ ሔራን ከኋላው ቆማለች፤ ሆዷ ገፍቷል። እናቱን አየ፣ የሥርጉትን ጥቁር ልብስ አየ፤ ነገሩ ገባው። ሥርጉት ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እሱም እስከ ግቢው በር ሸኛት።

«ነፍስ ይማር» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባትሽን ልትጠይው ነው ብዬ...»

«እኔ ግን አንተን ጠላሁህ ፍቅረ። የማይገባህን ነገር ተናገርኩህ፣ ሁለት ዓመት ጠላሁህ። ይሻላል ያልከው ይሄን ነው?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ ግን ሔራን...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሔራን ምንም ያላጠፋች ደግ ሴት ናት። ሁለቱም ያውቃሉ።

«ልጅህን በደስታ ያሳይህ» አለችው። እጁን ጨበጠችው፣ ቶሎ ለቀቀችውና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም።

በሻለቃው የአርባ ቀን ተስካር ወይዘሮ አበበች ብቻቸውን ጎረቤላ ድረስ መጡ። መቃብሩ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆመው ከቆዩ በኋላ ድንኳን ገብተው ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጡ። ከጎናቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት አላወቋቸውም።

«የሟች ምኑ ነዎት?» ብለው ጠየቋቸው።

ወይዘሮ አበበች እንግዳ ስታስተናግድ የነበረችውን ሥርጉትን ተመለከቷት።

«ለዚያች ልጅ አማት ልሆናት ነበር» አሉ። «ሳይጠይቁኝ ቀሩ እንጂ።»