ንፋስ የበዛበት ቀን

«ኧረ ቀስ በይ አንቺ ልጅ! መንገዱን የምታውቂው ትመስያለሽ እኮ!» አለች ሬናታ እያለከለከች።

ያሬሊ ክው አለች። እግሯ ነው ጉድ የሠራት፤ ሳታስበው ዳገቱን በአቋራጭ ይዛው ወጥታለች። ለክፍል ጓደኞቿ «ተወልጄ ያደግሁት ዋሃካ ከተማ ነው» ካለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዛሬ በሽርሽሩ ሁለቱን የተራራ መንደሮች በሰላም አልፋ ነበር። ሦስተኛው ግን፣ ከመንደር ሁሉ ተመርጦ፣ እስከ ሰባት ዓመቷ ያደገችበት ሆኖ ቁጭ አለ።

የጥድ ጭስ ሲሸታት ሆዷ ባባ። ጉልበቷ የተላጠበት የድንጋይ ደረጃ፣ የምትደበቅበት የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ፣ ሁሉም እዚያው አለ። ብቻ ሁሉም ትንሽ አንሷል።

ከደረጃው በላይ ደግሞ እማማ ኤፒፋንያ፣ የክርስትና እናቷ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍላሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። በዚህ መንደር የሰው ደጃፍ ሲታለፍ «ፓዲዩሽ» ይባላል፤ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ንፋስና ውሻ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ አለፉ።

«ፓዲዩሽ» አሉ እማማ። አንዱም ቀና አላለም። «ወይ ጉድ! ዛሬስ ንፋሱ በዛ!» አሉ በስፓኒሽ።

ሬናታ ሳቋን ለቀቀችው። «የምን ንፋስ ነው ደግሞ? አቤት የፋራ አገር!»

«ፓዲዩሽ» ያሬሊ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና አንገቷን ደፍታ አለፈች።

«ይሄኛው ንፋስ ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል» አሉ እማማ፣ እጃቸው ቦሎቄው ላይ ቀርቶ። «እንዲህ የምትራመድ ልጅ ነበረችኝ። ከዛፍ ወድቃ፣ እኔው ነኝ ያሸኋት።»

ከዚያ ወደ ቦሎቄያቸው ተመለሱ። ስም አልጠሩም።

ቢጠሯት ይሻላት ነበር። ስሟን ቢጠሩ «ተሳስተዋል» ብላ ትገላገል ነበር። ዝምታቸው ግን አንጀቷን በላው።

«ነይ እንጂ፣ ጥለውን ሄዱ!» ሬናታ እጅጌዋን ጎተተቻት።

«ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» አለችና መለስ አለች። «አይ፣ ቆይ። አንቺም ነይ።»

ዳገቱን ተመልሳ ወረደች፤ ሬናታም ተከተለቻት። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ የእማማን ሁለት እጆች ያዘች።

«ፓዲዩሽ፣ እማማ» አለች፣ ሬናታ እንድትሰማ ጮክ ብላ።

እማማ ኤፒፋንያ የቦሎቄውን ቅርጫት ገፋ አድርገው ለሁለት የሚበቃ ቦታ ለቀቁ።